ጥያቄና መልስ፦ በሕፃናቱ የልደት ድራማ ላይ ሳቅን፤ በድለናል ወይ?

ጥያቄ፦

መምህር፣ ሰላመ እግዚአብሔር ከእርስዎ ጋር ይሁን። የምኖረው አራት ኪሎ አካባቢ ነው፤ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ልጆቼ በአጥቢያችን ሰንበት ትምህርት ቤት የሕፃናት ክፍል ይማራሉ። ባለፈው እሑድ፣ ከልደት በፊት ባለው የኖላዊ ዕለት፣ ከቅዳሴ በኋላ ሕፃናቱ የጌታችንን ልደት በአዳራሹ በድራማ አሳዩን። የዘጠኝ ዓመቷ ልጄ ለእረኞቹ የምሥራቹን የምትነግረው መልአክ ነበረች። ለሳምንታት አጥንታው ነበር፤ ማይክራፎኑን ስትይዝ ግን ቃሉ ጠፋባት። «አትፍሩ» አለች። ዝም ብላ ቆየችና እንደገና «አትፍሩ» አለች። ሦስተኛውን ስትል ሳግ ተናነቃትና አለቀሰች። በዚህ ጊዜ እረኛ ሆኖ የተቀመጠው የስድስት ዓመቱ ወንድሟ ብድግ ብሎ «እኛ አልፈራንም!» አላት። አዳራሹ በሳቅ ተሞላ፤ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ በኋላ ልጆቹን የሚቆጣጠራቸው ጠፋ። ሕፃኑን ለማየት ሲሽቀዳደሙ በነጠላ የተጠቀለለው አሻንጉሊት እመቤታችንን ሆና ከተቀመጠችው ልጅ እጅ ወደቀ። አንድ አረጋዊ አባት «ይህ በእግዚአብሔር ቤት ማላገጥ ነው» ብለው ተነሥተው ወጡ። ልጄ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰንበት ትምህርት ቤት አልሄድም ብላለች። እኔንም ሳቄ ይቆረቁረኛል። በድለናል ወይ? ድራማው ከፈረንጅ የተቀዳ ነው የሚሉትስ እውነት ነው? ጨርሶ ቢቀር አይሻልም?

መልስ፦

እኅቴ፣ ሰላሙ ይብዛልሽ፤ ልጆችሽንም ይጠብቅልሽ። ደብዳቤሽን መጀመሪያ ለብቻዬ አነበብሁት፤ ማታ ደግሞ ለባለቤቴ አነበብሁላት። ትንሹ ልጅ «እኛ አልፈራንም» ያለበት ቦታ ላይ ስደርስ ባለቤቴ ሳቀች፤ ሳቋን ሳትጨርስ ዓይኗ እንባ አቀረረ። በዚያ አዳራሽ የነበሩት እናቶች ሳቅም ከዚህ የተለየ አይመስለኝም። ስለዚህ መልሱን አላቆይብሽም፤ አልበደላችሁም።

ነገር ግን ይህን ብቻ ብዬ ብተው የአረጋዊው ቃል መልስ ሳያገኝ ይቀራል፤ ልጅሽም ከቤት እንደ ቀረች ትቀራለች። ስለዚህ ጥቂት ታገሺኝ።

ቅዱሳት መጻሕፍት ሳቅን ሁሉ አንድ አድርገው አይቆጥሩትም። ሣራ በስተእርጅናዋ ወንድ ልጅ ታቅፋ «እግዚአብሔር ሳቅ አድርጎልኛል፤ ይህንም የሚሰማ ሁሉ በእኔ ምክንያት ይስቃል» አለች (ዘፍ. 21፥6)። የልጁም ስም ይስሐቅ ተባለ፤ ይስሐቅ ማለት ሳቅ ማለት ነው። እንግዲህ እግዚአብሔር ለአብርሃም የሰጠው የተስፋ ልጅ በተጠራ ቁጥር ያ የእናቱ ሳቅ አብሮ ይነሣል። በሌላ በኩል ደግሞ ንጉሥ ዳዊት በታቦቱ ፊት ሲዘልና ሲያሸበሽብ ሚስቱ ሜልኮል በመስኮት ሆና አየችው፤ በልብዋም ናቀችው (2ኛ ሳሙ. 6፥16)። ልብ በዪ፤ ሜልኮል ሳቀች አይልም። ምናልባትም ፊቷ ኮስተር ያለ ነበር። በደሏ ንቀቷ ነው። አባቶቻችን ፌዝ፣ ማላገጥ፣ ዋዛ ፈዛዛ እያሉ የሚገሥጹት ይህንኑ ነው፤ የተቀደሰውን ነገር አቅልሎ ማየትን። ልጇ «ወፌ ቆመች» ሲባል ተንገዳግዶ ቁጭ ሲል እናት የምትስቀውን ሳቅ ማን ንቀት ይለዋል? እየሳቀች እኮ እጇ ለማንሣት ተዘርግቷል።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅሽ። ልጅሽ ስታለቅስ በስልክ የቀረጸ ሰው አለ ወይ? ካለ፣ ዛሬውኑ ሄደሽ በትሕትና እንዲያጠፋው ለምኚው። በአዳራሹ ውስጥ የሳቁት ልጅቱን የሚያውቋት፣ ሲያሳድጓት የኖሩ ሰዎች ናቸው። ያ ምስል በቴሌግራም ከእጅ ወደ እጅ ሲሄድ ግን የማያውቋት ሰዎች ይስቁባታል፤ ያን ጊዜ ነገሩ ፌዝ ይሆናል። እኔ በማገለግልበት ሰንበት ትምህርት ቤት ድራማው ከመጀመሩ በፊት ወላጆች ስልካቸውን ወደ ቦርሳ እንዲከቱ እንጠይቃለን። መጀመሪያ ያኮረፉ ነበሩ፤ አሁን ለምደውታል። ልጆቹም ከመድረክ ሆነው ሲያዩ የሚያገኙት የእናታቸውን ፊት ነው፤ ድሮ የሚያገኙት ከፍ ብሎ የተያዘ ስልክ ነበር።

አሁን ወደ ልጅሽ ቃል ልምጣ፤ ደብዳቤሽን ካነበብሁ ጀምሮ ከልቤ አልወጣ ያለኝ እሱ ነው። መልአኩ ለእረኞች የተናገረው ሙሉ ቃል «እነሆ፣ ለሕዝቡ ሁሉ የሚሆን ታላቅ ደስታ የምሥራች እነግራችኋለሁና አትፍሩ» የሚል ነው (ሉቃ. 2፥10)። ለዘጠኝ ዓመት ልጅ ረጅም ነው። እሷ የፊቱን ሁሉ ረስታ የመጨረሻዋን ቃል ያዘች። ይህች ቃል ግን እንዲሁ የተገኘች አይደለችም። የልደትን ታሪክ ከመጀመሪያው ብታነቢው መላእክት በመጡ ቁጥር የምትሰማ ቃል ናት። ለዘካርያስ በመሠዊያው አጠገብ «አትፍራ» ተባለለት (ሉቃ. 1፥13)። እመቤታችንን ቅዱስ ገብርኤል «ማርያም ሆይ፣ አትፍሪ» አላት (ሉቃ. 1፥30)። ዮሴፍ በሕልሙ «እጮኛህን ማርያምን ለመውሰድ አትፍራ» ተባለ (ማቴ. 1፥20)። አራተኛ በሜዳ መንጋቸውን ሲጠብቁ ያደሩት እረኞች ሰሙት። ካህን፣ ድንግል፣ ጠራቢ፣ እረኛ፤ ለሁሉም የተላከው ሰላምታ አንድ ነው። ልጅሽ ሦስት ጊዜ ያለችው ያንን ነው። ረሳች ብለሽ አትዘኚ፤ የቃሉ እምብርት አልጠፋባትም።

ወንድሟስ? ሉቃስ እረኞቹ «እጅግም ፈሩ» ብሎ ጽፏል። ከድራማው ጽሑፍ አንጻር ካየነው ልጁ ተሳስቷል። ነገር ግን እሱ በዚያች ሰዓት የእረኛነቱን ነገር ትቶታል፤ የታየችው የምታለቅስ እኅቱ ናት። መልአኩ ሲፈራ እረኛው ተነሥቶ አጽናናው። እኔ በዚህ ቦታ ላይ ብዙ ስብከት አድርጌአለሁ፤ ቃሉን ሰምቶ ወዲያውኑ ያመነ ሰው እንዲህ ይመልስ እንደ ነበር ግን እስከ ዛሬ አላሰብሁም ነበር።

በሰው ፊት ቃል ሲጠፋ ምን እንደሚያህል አውቀዋለሁ። ገና የዐሥራ አንድ ዓመት ዲያቆን ሳለሁ በአንድ የገጠር ደብር በበዓል ቅዳሴ የጳውሎስን መልእክት እንዳነብ ታዘዝሁ። ከተሰበሰበው ሕዝብ ብዛት የተነሣ ዓይኔ ዋለለና አንድ መስመር ሙሉ ዘልዬ አነበብሁ። ግእዙን የሚያውቁት ካህናት ሁሉ ሰሙ። ከቅዳሴ በኋላ የቅዳሴው ኅብስት በሚዘጋጅበት በቤተ ልሔሙ ጀርባ ተደብቄ ሳለቅስ የንባብ መምህሬ ፈልገው አገኙኝ። እገረፋለሁ ብዬ ነበር። እሳቸው ግን እጃቸውን በራሴ ላይ ጭነው «በሚመጣው እሑድም የምታነበው አንተ ነህ» አሉኝና ሄዱ። ሌላ አንዳች አልጨመሩም። ያን ዕለት ሌላ ነገር ተናግረውኝ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ለዚህ ደብዳቤ መልስ የሚጽፍልሽ ሌላ ሰው ይሆን ነበር።

ከፈረንጅ የመጣ ነው ወይ ላልሽው ባጭሩ ልመልስ። በምዕራቡ ዓለም የበረቱን ታሪክ በሰውና በከብት የማሳየት ልማድ እንዲስፋፋ ምክንያት የሆነው የአሲዚው ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. በ1223 ግሬቾ በምትባል የጣልያን መንደር ያደረገው ነው፤ ድርቆሽ አስመጥቶ፣ በሬና አህያ አቁሞ ለገበሬዎቹ ልደትን አሳያቸው። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን የተቀደሰውን ታሪክ በዓይን እንዲታይ፣ በእጅ እንዲዳሰስ ማድረግ ለእኛ ቤተ ክርስቲያን እንግዳ አይደለም። በሆሳዕና ዘንባባ ይዘን በራሳችን ላይ የምናስረው፣ በጸሎተ ሐሙስ ካህናቱ ጎንበስ ብለው የምእመናንን እግር የሚያጥቡት፣ በጥምቀት ታቦታቱን አጅበን ጃንሜዳ ወርደን የምናድረው ምን ልናደርግ ነው? በልደት ቀን ደግሞ በላሊበላ በቤተ ማርያም ካህናቱ በሁለት ወገን ይቆማሉ፤ ግማሾቹ ከላይ በዐለቱ ጫፍ፣ ግማሾቹ ከታች በግቢው። «ቤዛ ኩሉ» እያሉ እየተቀባበሉ ይዘምራሉ። ከላይ ያሉት የመላእክት፣ ከታች ያሉት የእረኞች ምሳሌ ናቸው። ልጅሽ በአዳራሹ ከወንበር ላይ ቆማ፣ ወንድሟ ከታች ተቀምጦ የተነጋገሩት አቋቋሙ ያው ነው።

ይቅር ወይ ለሚለው ግን ባጭሩ ልመልስ አልችልም። እንዳይቀር የምፈልግበት ምክንያት አለኝና እሱን ልንገርሽ።

በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ምክንያት በፒያሳ ዙሪያ ብዙ ቤቶች ሲነሡ ከእኛ ሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ብዙዎቹ ከወላጆቻቸው ጋር ወደ ከተማው ዳር ሄዱ። ከፊሎቹ እስከ ዛሬ እሑድ ሌሊት ተነሥተው በሁለትና በሦስት ታክሲ ይመጣሉ። ሰፈሩ ከፈረሰ በኋላ በነበረው የመጀመሪያው ልደት ድራማውን ስናዘጋጅ ለአንድ የስምንት ዓመት ልጅ የእንግዳ ማረፊያውን ባለቤት ቦታ ሰጠነው። መቼም በሉቃስ ወንጌል ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው ሲናገር አይሰማም፤ «በእንግዶችም ማረፊያ ስፍራ ስላልነበራቸው» ብሎ ያልፈዋል። እኛ ለልጆቹ እንዲመች ብለን ነው ሰውየውን ያስገባነው። የልጁ ቃል «ቦታ የለም» የምትል ብቻ ነበረች።

ዮሴፍ የሆነው ልጅ በሩን አንኳኳ። የቤቱ ባለቤት ብቅ አለና ወደ ላይ ወደ ታች አያቸው። ከዚያም ያልተጻፈለትን ተናገረ፤ «ስንት ናችሁ? ልጅ አላችሁ?» አለ። ዮሴፍ ደነገጠ። ወደ አስተማሪዋ ዞሮ ተመለከተ፤ እሷም እንደ እሱ ደንግጣ ነበር። በመጨረሻ «እስካሁን የለንም፤ ዛሬ ማታ ይወለዳል» ብሎ መለሰ። ባለቤቱም «እንግዲያስ አይሆንም፤ ደግሞ የሦስት ወር ቅድሚያ ክፍያ ነው» ብሎ በሩን ዘጋው።

መጀመሪያ ሁላችንም ሳቅን። ሳቁ ግን ዕድሜ አልነበረውም፤ ከፊት እስከ ኋላ ጸጥ አለ። በዚያ አዳራሽ ቤት ሲፈልጉ የከረሙ፣ «ልጅ አላችሁ?» ተብለው በየበሩ የተመለሱ ሰዎች ተቀምጠው ነበር። ልጁ ከእናቱ ጋር ቤት ሲፈልግ የሰማውን ነው የተናገረው። ከእኔ አጠገብ የነበሩ አንዲት እናት ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። እኔ ያን ምንባብ በየዓመቱ አነበዋለሁ፤ ማደሪያ ማጣት ማለት በበር ላይ ቆሞ መጠየቅ፣ በሆድ ባለው ልጅ ምክንያት መመለስ መሆኑን እንደዚያ ቀን ተረድቼው አላውቅም። ልጆቹ ቃላቸውን ሳይስቱ እንደ ተጻፈላቸው ብቻ ቢናገሩ ኖሮ በጥሩ ሁኔታ ተጠናቀቀ ብለን አጨብጭበን ወደ ቤታችን እንሄድ ነበር።

የአህያውም ነገር እንዲሁ ነው። አህያ የሚሆን ልጅ አጣን። በትምህርት ቤት «አህያ» መባል ስድብ ነውና ሁሉም እንቢ አለ፤ አንዱማ አልቅሶ ወደ እናቱ ሄደ። ያን ዕለት ልምምዱን ትተን ተቀመጥንና የኢሳይያስን ቃል አነበብንላቸው፤ «በሬ የገዢውን፣ አህያም የጌታውን ጋጣ አወቀ» (ኢሳ. 1፥3)። አባቶቻችንም በዚያ ብርድ ሌሊት እንስሳቱ በእስትንፋሳቸው ጌታን እንዳሟሟቁት እንደሚያስተምሩ ነገርናቸው። አንዲት ልጅ «እስትንፋሳቸው ብቻ ነበር ያላቸው?» ብላ ጠየቀችኝ። አዎን አልኋት። በሚቀጥለው ሳምንት አምስት አህዮች ነበሩን፤ አምስቱም በግርግሙ ዙሪያ ተደፍተው ሲተነፍሱ ዋሉ፤ መዝሙሩን አስረስቷቸው ነበር።

አንድ ሌላ ሕፃን ደግሞ ጌታ በቤተ ልሔም ተወለደ ሲባል ሰምቶ በግቢያችን በስተምሥራቅ ወዳለችው ቤተ ልሔም በጣቱ እያመለከተ «እዚያ ውስጥ ነው?» ብሎኛል። ለሥጋ ወደሙ የሚሆነው ኅብስት የሚዘጋጅባት ቤት ቤተ ልሔም መባሏን፣ ትርጓሜውም የእንጀራ ቤት መሆኑን ለትልልቆች ሳስተምር ብዙ ደክሜአለሁ። ለእሱ ግን «ስሟ ያ ነው፤ እሑድ እሑድ ጌታ ወደ እኛ የሚመጣበት ኅብስት የሚዘጋጀው እዚያ ነው» አልሁት፤ ገባው። ከዚያ ወዲህ በዚያ ሲያልፍ ይሳለማል።

በሀገራችን የገና ጨዋታ ሲነሣ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ይባላል። ጨዋታውም እረኞቹ የምሥራቹን ሲሰሙ ከደስታ ብዛት በበትራቸው የተጫወቱት ነው እየተባለ ሲወርድ ሲዋረድ መጥቷል። በዚያ ሜዳ ሎሌ ጌታውን በቃልም በዱላም ይተናኮለዋል፤ ጌትዬው ግን ለዚያች ቀን ይታገሣል። የእኛ ጌታ በሕፃናት ምክንያት የተቆጣበት ጊዜ ግን አለ። ማርቆስ ጽፎታል። ሰዎች ልጆቻቸውን እንዲዳስሳቸው ሲያመጡ ደቀ መዛሙርቱ ከለከሉ፤ «ኢየሱስ ግን አይቶ ተቈጣ» ይላል (ማር. 10፥14)። የተቆጣው በሚንጫጩት ልጆች አይደለም።

ይህን ስል አረጋዊውን ከከልካዮቹ ጋር እየቆጠርኋቸው እንዳይመስልሽ። እሳቸው ያደጉበት ትምህርት «መቅደሴንም ፍሩ» የሚለው ነው (ዘሌ. 19፥30)። ይህም የእግዚአብሔር ቃል ነው። ጫማቸውን አውልቀው፣ በመቋሚያቸው ተደግፈው ሌሊቱን ሙሉ ማሕሌት የቆሙ ሰው ከቅዳሴ ወጥተው የሳቅ ጩኸት ሲሰሙ ቢደነግጡ ልንፈርድባቸው አይገባም። ከተናገሩትም ውስጥ ልንቀበለው የሚገባ አለ፤ የአሻንጉሊቱ ነገር ነው።

እኔ በማገለግልበት ቦታ ጌታን በአሻንጉሊት ማሳየት ከተውን ቆይተናል። አሻንጉሊት መጫወቻ ነው፤ ሕፃናቱ ቤታቸው ወርውረው የሚጫወቱበትን ነገር በመድረክ ላይ «ለዚህ ስገዱ» ማለት ልባቸውን ያደናግረዋል። ቢወድቅም እንደ ወደቀባችሁ ነው፤ የያዘችው ልጅ ጥፋተኛ ሆና ትቀራለች። እኛ በግርግሙ ላይ የምናኖረው ምስለ ፍቁር ወልዳን ነው፤ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ያለችበትን ሥዕል። መጋረጃው ሲገለጥ ሥዕሉ ይታያል፣ ጧፍ ይበራል፣ እረኞቹም ሰብአ ሰገልም የሚሰግዱት ወደዚያ ነው። ሥዕሉን ሲያዩ ግፊያው ይቀራል፤ እንዲሰግዱ የሚነግራቸው ሳይኖር ይሰግዳሉ። እመቤታችንንም የምትወክል ልጅ አናቆምም። ምክንያቱም ለልጅቱ ሸክም ይሆንባታል፤ በማግሥቱ ከጓደኛዋ ጋር ብትጣላ «አንቺ ደግሞ ማርያም ነኝ ብለሽ» ትባላለች። የእመቤታችን ቃል ሲያስፈልግ አንዲት ልጅ ከመጋረጃው ጀርባ ሆና ከወንጌሉ ታነባለች፤ «እነሆኝ የጌታ ባሪያ፤ እንደ ቃልህ ይሁንልኝ»። ከዚህ የወጣ ንግግር ደርሰን በአንደበቷ አናኖርም። ይህንን ለሰንበት ትምህርት ቤታችሁ አስተማሪዎች ብታካፍያቸው፣ አረጋዊውም ቢሰሙት ደስ የሚላቸው ይመስለኛል።

ቦታውን በሚመለከት ጥፋት የለባችሁም። በቅኔ ማሕሌቱም በቅድስቱም በመቅደሱም ድራማ አይደረግም፤ እናንተ ያደረጋችሁት በአዳራሽ ነው። በጾመ ነቢያት መካከል መሆኑም አያስጨንቅሽ። ከኅዳር 15 ጀምሮ የምንጾመው ነቢያት ይመጣል ብለው የጠበቁትን እየጠበቅን ነው፤ ሕፃናቱም በልምምዳቸው ያደረጉት መጠበቅን ነው። የኖላዊን እሑድ መምረጣችሁ ደግሞ በጣም አስደስቶኛል። ኖላዊ ማለት እረኛ ማለት ነው፤ «የእስራኤል ጠባቂ ሆይ፣ አድምጥ» እያልን እረኛችንን የምንጠራበት ሳምንት ነው። እረኞቹ ልጆች በዚያ ቀን መምጣታቸው ተገቢ ነው። የሄሮድስን ጭካኔ ግን ለትንንሾቹ ባታሳዩአቸው ይሻላል፤ ያ ለታዳጊዎች ክፍል ይቆይ። በእኛ ዘንድ አንድ ጊዜ ሄሮድስ የሆነው ልጅ እንደዚያ አድርጎ ሲጮኽ የአራትና የአምስት ዓመት ልጆች ተንጫጭተው ወጥተው፣ ግማሾቹ ሌሊቱን ሲባንኑ ማደራቸውን እናቶች ነግረውናል።

ልጅሽን በግድ አትጎትቺያት፤ እንዳሻትም አትተያት። በመጀመሪያ ሳቅሽን አስረጃት። «በእኔ ሳቀች» ብላ እንዳታስብ «ወንድምሽ ስለ ወደደሽ፣ እኔም ሁለታችሁንም ስለምወዳችሁ ሳቅሁ፤ አንቺ ግን ከፍቶሽ ነበርና ይቅርታ» በያት። እናት ልጇን ይቅርታ ብትጠይቅ ክብሯ አይጎድልም። ከዚያ በኋላ አንድ ማታ መብራቱን ቀነስ አድርጋችሁ የሉቃስን ሁለተኛ ምዕራፍ አብራችሁ አንብቡ፤ የመልአኩን ቃል እሷ ታንብበው፣ ወንድሟም ይስማት። ታዳሚ ሁለት ሰው ብቻ ሲሆን ቃሉ አይጠፋባትም። ለአስተማሪዋም ንገሪያት፤ የመምህሬን ቃል ለእሷ ትበላት፤ በሚመጣው ዓመትም መልአኩ አንቺ ነሽ ትበላት። እስከዚያው ግን በልደት ዋዜማ ይዘሻት ነዪ፤ ከመዘምራኑ ጋር በሕብረት የሚዘመረውን ትዘምር። በሕብረት ሲዘመር የአንዱ ስሕተት በሌላው ድምፅ ይሸፈናል፤ መጀመሪያ እዚያ ትበርታ።

አረጋዊውን ግን እንዲሁ እንዳትተያቸው። ታኅሣሥ 29 ሲነጋ፣ ቅዳሴው አልቆ ሰው ሁሉ «እንኳን አደረሰህ፣ እንኳን አደረሰሽ» ሲባባል ሁለቱን ልጆች ነጭ አልብሰሽ ወደሚቀመጡበት ቦታ ውሰጃቸው። ጉልበታቸውን ይሳሙ፤ «እንኳን ለብርሃነ ልደቱ አደረሰዎ» ይበሏቸው። ልጅሽ እዚያ ስትደርስ ቃሉ ቢጠፋባት አትጨነቂ፤ ወንድሟ አጠገቧ ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።